ስኳር፣ ሳንቲምና እምነት፦ የ«አረብ ቤት» ታሪክ ከቦንጋ ሲታይ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ በቦንጋ ከተማ የቀረበ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አገራችን የችርቻሮ ንግድ ታሪክ አንድ ንግግር እንዳሰማ ጠይቀውኛል። ርእሱ ሰፊ ነው። ስለ ቡና ላኪዎች፣ ስለ ባንኮችና ስለ ታላላቅ አስመጪ ኩባንያዎች ብዙ የተጻፈ ስለሆነ፣ እኔ ከሸቀጥ ሁሉ አነስተኛ የሆነውን ከረሜላን ይዤ መጥቻለሁ። አንዲት ከረሜላ በሠፈር ሱቅ ለአንድ ልጅ ትሸጥ ዘንድ ስንት ነገር መሟላት እንደ ነበረበት ብንመረምር፣ የአገራችን ኑሮ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንዴት እንደ ተለወጠ እናያለን። ያችን ከረሜላ የሸጡልን ቤተሰቦች እነማን እንደ ነበሩ ስንጠይቅ ደግሞ፣ ዛሬም ያልተዘጋ አንድ ሒሳብ እንዳለብን እንረዳለን።

ማርና አሞሌ

የተሰበሰብንበት ቦንጋ ለዚህ ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው። የከፋ መንግሥት ራሱን ችሎ በቆየበት ዘመን ቦንጋ የታወቀ የንግድ ቦታ ነበር። ከሰሜን የሚመጡ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሱ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ከእነዚያ ነጋዴዎች መካከል በዚሁ የቀሩት፣ «ነጋዶ» የሚባሉት ሙስሊሞች፣ የአገሩ ሕዝብ አካል ሆነዋል። ስለዚህ እንግዳ ነጋዴ መጥቶ መቀመጡ በከፋ ምድር አዲስ ነገር አልነበረም።

ጣፋጭ ነገርም አዲስ አልነበረም። ከፋ የማር አገር ነው። ነገር ግን ልጅ ማር የሚቀምሰው ከእናቱ እጅ ነው እንጂ ገዝቶ አይደለም። መገበያያውም አሞሌ ጨው ነበር። በአሞሌ እህል ወይም ጨርቅ ይገዛል፤ ለአንድ ልጅ አፍ ብቻ የሚበቃ ነገር ግን በአሞሌ አይገዛም። የሚሸጥም፣ የሚገዛም፣ የሚከፈልም አልነበረምና ከረሜላ የሚባል ነገር ሊታሰብ አይችልም ነበር።

በ1889 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የከፋን መንግሥት ድል አድርጎ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ማረከ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አገሩ በጦርነት፣ በባሪያ ፍንገላና በገባር ሥርዓት ክፉኛ ተጎዳ፤ ሕዝቡም ተመናመነ። ንግዱ ወደ ጅማ፣ ወደ ሂርማታ ገበያ አዘነበለ። በኋላም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ሲቋቋም ዋና ከተማው ጅማ ሆነ። ስለዚህ የቦንጋ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣውን ሸቀጥ ያገኝ የነበረው በአብዛኛው በጅማ በኩል ነው፤ የምንነጋገርበትን የሱቅ ታሪክም ከዚያና ከአዲስ አበባ ጋር አያይዘን መመልከት ይኖርብናል።

ስኳርና ሳንቲም

የሠፈር ሱቅ በአገራችን እንዲቆም ሦስት ነገሮች መገናኘት ነበረባቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ነው። ስኳር በግመልና በበቅሎ ከባሕር ጠረፍ ሲመጣ የጉዞው ወጪ ዋጋውን ስለሚያንረው ከመኳንንት ቤት የሚያልፍ አልነበረም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። በምዕራቡ በኩልም፣ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት ጋምቤላ የንግድ በር ሆነ፤ የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭኑ ነበር። በጎሬና በጋምቤላ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች የተቀመጡትም ስለዚህ ነው። በሁለቱም በሮች ቡና ሲወጣ ስኳር፣ ጨው፣ ጨርቅና ላምባ ይገባ ነበር። በብዙ የደቡብ ምዕራብ ቤቶች ቡና በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣ እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ልውውጡ የሰውን አፍ እስከ መለወጥ መድረሱን እንገነዘባለን።

ሁለተኛው ዝርዝር ገንዘብ ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር በቅሎ ለመግዛት ይመቻል፤ ክብሪት ለመግዛት ግን አይመችም። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ በስማቸው ያስቀረጹት ገንዘብ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ቤሳ የሚባሉ ክፍልፋዮች ስለ ነበሩት ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር። በገጠሩ ግን አሞሌው፣ አንዳንዴም ጥይቱ፣ ለረጅም ጊዜ መገበያያ ሆኖ ቀጥሏል። ብር በመቶ ሳንቲም ተከፍሎ በመላው አገር የተሠራበት ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1937 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ነው። የአምስት ሳንቲም ታሪክ የተባለ መጽሐፍ ቢኖረን ኖሮ ከረሜላ በውስጡ አንድ ምዕራፍ ይኖራት ነበር።

ሦስተኛው ከተማ ነው፤ ይኸውም ደመወዝተኛው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ በየወሩ ወይም በየቀኑ ጥቂት ገንዘብ በእጁ የሚገባለትና እህሉን ራሱ የማያመርተው ሰው ማለት ነው። ይህ ሰው የሚገዛው በኩንታል አይደለም፤ ለዛሬ እራት የሚበቃውን ነው።

መንገዱ ሲከፈት፣ ሳንቲሙ ሲገኝና ከተማው ሲቆረቆር፣ የጎደለው በመካከል ቆሞ ኩንታሉን ወደ ማንኪያ የሚመነዝረው ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የአገሬው ጨዋ ሰው ክብሩን በርስትና በሹመት እንጂ በሚዛን አይፈልግም ነበርና፣ ሥራው በአብዛኛው ለእንግዳው ተተወ።

አረብ ቤት

እንግዶቹ ከብዙ አገር ነበሩ። ሕንዶች፣ በተለይም የመሐመድ አሊ ኩባንያ፣ ከሐረር ጀምሮ በአስመጪነትና በጅምላ ንግድ ስመ ጥር ሆኑ። ግሪኮች በዳቦ፣ በምግብና በመጠጥ ንግድ፣ አርመኖች በልዩ ልዩ የእጅ ጥበብ ታወቁ። በየሠፈሩ ጥግ፣ በየገጠሩ ከተማ የመጨረሻውን ሱቅ የከፈቱት ግን በአብዛኛው የየመን ሰዎች ነበሩ። ከዚህም የተነሣ አዲስ አበባ ውስጥ «አረብ ቤት ሂድ» ማለት «ሱቅ ሂድ» ማለት ሆኖ ቀረ። ባለሱቁ በኋላ ጉራጌ ወይም ኦሮሞ ቢሆንም ስሙ ሳይለወጥ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። የንግድ ቋንቋችንም ምስክር ነው፤ ሱቅ፣ ስኳር፣ ፋኖስ፣ መጋዘን፣ ደላላ የምንላቸው ቃላት ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። «ከረሜላ» ደግሞ ከአውሮፓውያን አፍ ደርሶናል።

የሥራው ሥርዓት ቀላል ይመስላል። አንድ ጎልማሳ ከየመን ተነሥቶ በዓደን ወይም በጅቡቲ በኩል ይገባል። አስቀድሞ በመጣ ዘመዱ ሱቅ ይሠራል፤ ከባንኮኒው ሥር ወይም ከጓዳ ይተኛል። ከዘመዱ ዕቃ በአደራ ተቀብሎ ራቅ ካለ ሠፈር ሌላ ሱቅ ይከፍታል፤ ከዚያም ታናሽ ወንድሙን ወይም የወንድሙን ልጅ ያስመጣል። ካፒታሉ ዝምድናው ነው። ቤቱና ሱቁ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆኑ የኪራይ ወጪው አንድ ነው፤ ሠራተኛውም ልጁ ነው። ብዙዎቹ ሚስት ያገቡት ከዚሁ አገር ሲሆን፣ የጎረቤቱን ቋንቋ፣ ልቅሶውንና ሠርጉን የምታውቀው፣ ደንበኛውን የምታግባባው ይህች ኢትዮጵያዊት እናት ነበረች። በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ስሟ አይጻፍም፤ ሱቁ ግን ያለ እሷ አይቆምም ነበር።

በመደርደሪያው ላይ አቡጀዲ፣ ክር፣ መርፌ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ጨው፣ በበርሜልም ላምባ ይገኛል። ሲጋራው በፍሬ፣ ስኳሩ በማንኪያ ልክ በጋዜጣ ቁራጭ እየተጠቀለለ፣ ላምባው በመስፈሪያ ይሸጣል። ከባንኮኒው ላይ የተቀመጠው የጠርሙስ ማሰሮ ግን የልጆች ነው፤ ከረሜላው በውስጡ ይታያልና።

እዚህ ላይ የሙያችን ሰዎች ልብ እንድትሉልኝ የምሻው አንድ ቀላል ስሌት አለ። ለአብነት ያህል፣ ባለሱቁ 200 ከረሜላ ያለበትን ቆርቆሮ በ8 ብር ገዝቶ እያንዳንዷን በ5 ሳንቲም ቢሸጥ 10 ብር ያገኛል፤ ትርፉ 2 ብር ነው። ከእነዚህ ከረሜላዎች ዐሥሩን ስኳር ወይም ላምባ ሊገዙ ለተላኩ ልጆች በምራቂ መልክ ቢሰጥ 50 ሳንቲም ይጎድልበታል፤ ይህም የትርፉ ሩብ ነው። ባለሱቁ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እንዲህ እያወቀ ለምን ይሰጣል? የተላከው ልጅ ሁለት ሱቅ አልፎ ወደ እሱ እንዲመጣ ነው። ምራቂው ለልጁ ደስታ፣ ለባለሱቁ ማስታወቂያ፣ ለእናቲቱም «ልጄን አከበረልኝ» የሚያሰኝ ነበር። በየትኛውም መዝገብ ላይ ግን ወጪ ሆኖ አልተጻፈም።

ነገሩን ከሌላው ወገን መመልከትም ተገቢ ነው። በማንኪያ የሚገዛ ሰው በኪሎ ከሚገዛው ይበልጥ ይከፍላል። ትንሹ መስፈሪያ ለድሃው ምቹ ነው፤ ውድም ነው። ባለሱቁ በሚዛን ይሰርቃል፣ ዕቃ ይደብቃል የሚለው ሐሜትም ከዚሁ ይነሣ ነበር፤ አንዳንዱም ሐሜት እውነት ነበር። ይሁን እንጂ የዋጋው ልዩነት የማንን ድካም እንደሚከፍል መጠየቅ ይገባል። ከንጋት እስከ ምሽት የሚቆም ሰው፣ የሚበላሽ ዕቃና የማይመለስ ዱቤ ሁሉ በዚያች ማንኪያ ውስጥ አለ።

ዱቤ

ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የሠፈር ሱቅ ያለ ዱቤ አይኖርም። ደመወዝ በወር መጨረሻ ይከፈላል፤ ሆድ ግን በየቀኑ ይጠይቃል። በመካከል ያሉትን ቀናት ያሻገረው የባለሱቁ ደብተር ነው። ደብተሩን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ በራሱ ፊደል፣ በዐረብኛ ነው። ባለዕዳው አያነበውም፤ ማንበብ ቢችልም ያን ፊደል አያውቅም። ዋስ የለም፤ የተፈረመ ወረቀት የለም፤ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃም የለም።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን የመሰለ ሰነድ ብንመረምር ምን እንላለን? «ተቀባይነት የለውም» ብለን እንመልሰዋለን። ነገር ግን ተሠርቶበታል፤ ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቶበታል። ባለዕዳው ባለሱቁ እንደማይጨምርበት ያምናል፤ ባለሱቁም ባለዕዳው ሠፈር ለውጦ እንደማይጠፋ ያምናል። ከሁለቱ አንዱ ቢያታልል የሚያጣው ብሩን ብቻ ሳይሆን የሠፈሩን አፍ ነው። ባንክ ያልደረሰበትን ሕዝብ ያበደረው፣ የወለድ ስም ሳያነሣ፣ ይህ እምነት ነበር።

ሱቁ ትምህርት ቤትም ሆነ። ለመላክና ለመሸከም የተቀጠሩ የጉራጌ ልጆች ሚዛኑን፣ የጅምላውን ዋጋና የደንበኛ አያያዙን ተማሩ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ የገዢውን ጠባይ ከባለሱቁ ይበልጥ ያውቁት ነበር። ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. የመሐመድ አሊን ኩባንያ ዘግተው ባስወጡ ጊዜ፣ የአዲስ አበባንም ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ባዛወሩ ጊዜ፣ ለአገሬው ነጋዴ ክፍት ቦታ ተገኘ። ከነፃነት በኋላ በነበሩት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ሱቆቹ አንድ በአንድ ወደ ጉራጌ ነጋዴዎች እጅ አለፉ። ስኳሩም የአገር ውስጥ ሆነ፤ የሆላንዱ ኩባንያ በወንጂ ያቆመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ከወንጂ የወጣው ደስታ ከረሜላም የባሕር ማዶውን ከጠርሙሱ አስወጣው። ስሙን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ።

የሕግ ደጃፍ

ይህን ያህል ዘመን አብረውን የኖሩ ሰዎች በሕግ ፊት ምን ነበሩ? በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከአባት ወይም ከእናት ኢትዮጵያዊ የተወለደውን ኢትዮጵያዊ ያደርግ ነበር። በሕጋዊ ጋብቻ ከውጭ አገር አባት የተወለደውን ግን፣ የአባቱን ዜግነት ካገኘ፣ የአባቱ ወገን አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከለከለ። ስለዚህ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልዶ፣ በአማርኛ አፉን ፈትቶ፣ በሠፈሩ ልጆች መካከል ያደገው የባለሱቁ ልጅ በብዙ ቤት «የውጭ ዜጋ» የሚል መታወቂያ ይዞ ነበር። ለሌላው ለዓመታት ያበደረ ቤተሰብ ራሱ በአገሩ ውስጥ በዱቤ ይኖር ነበር ማለት እንችላለን።

ያ ዱቤ የተጠየቀው በአብዮቱ ዘመን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቀጥሎም የግል ንግድ በጠባብ ክልል ተወሰነ፤ ስኳርና ሌላውም አስፈላጊ ሸቀጥ በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በኩል በራሽን መታደል ጀመረ። ከየመን ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አባቶቻቸው አገር፣ አንዳንዶቹም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዱ። በዚያ ደግሞ የኢትዮጵያዊት ልጆች በመሆናቸው እንደ እንግዳ ታዩ። የሄዱት ንብረታቸውን ትተው ነው፤ የዱቤ ደብተሮቻቸውንም ትተው ነው። በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ የቀረውን ዕዳ የከፈለ መንግሥትም ቀበሌም አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ዐዋጅ ከእናትም ከአባትም የሚተላለፈውን ዜግነት እኩል አድርጓል፤ ለእነርሱ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው።

የዛሬው ሒሳብ

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ሦስት ነገሮችን ላስታውሰው።

በመጀመሪያ፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የየመን ሰዎች ከጦርነት ሸሽተው ዳግመኛ ወደ አገራችን መጥተዋል። በአዲስ አበባ የከፈቷቸውን ምግብ ቤቶች እናውቃቸዋለን። የአያቶቻቸውን ታሪክ ካላወቅን እነዚህንም እንደ አላፊ መንገደኛ እንቆጥራቸዋለን።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚነካን የልጆቻችን ነገር ነው። በደቡብ አፍሪካ የከተማ ዳር ሠፈሮች ዛሬ «አረብ ቤት» የሆነው የእኛ ሰው ነው። በተለይ ከሐዲያና ከከምባታ የሄዱ ወጣቶች ከዘመድ ዕቃ እየተቀበሉ፣ ከሱቁ ውስጥ እየተኙ፣ ሲጋራ በፍሬ፣ ከረሜላ በነጠላ ይሸጣሉ። የየመኑ ሰው በእኛ አገር የሠራውን ሥራ ከሥር እስከ ጫፍ ደግመውታል። በ2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት በተነሣ ጊዜ ሱቅ ተዘርፏል፤ ሰውም ሞቷል። ሁከቱ ከዚያም ወዲህ ተደጋግሟል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ፣ ሕፃናት ከተመረዘ ምግብ የተነሣ ከሞቱ በኋላ፣ የአገሩ መንግሥት የሠፈር ሱቆች ሁሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ለሕፃናት ደኅንነት መቆርቆር ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ጣት የተቀሰረው ከሁሉ አስቀድሞ በእንግዳው ባለሱቅ ላይ ነበር። «ዋጋ ያስወድዳሉ፤ ሥራችንን ወሰዱ» የሚለውን ክስ ስንሰማ ከየት እንደምናውቀው ልናስብ ይገባናል፤ ቀድሞ ከእኛው አፍ ይሰማ ነበርና።

ሦስተኛው ሕጉ ነው። ለብዙ ዓመታት ለአገር ተወላጅ ብቻ ተጠብቆ የቆየው የችርቻሮና የጅምላ ንግድ፣ የቡና ወጪ ንግድም ጭምር፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ሆኗል። የሚመጡት ትልቅ ካፒታል ያላቸው ናቸው። ስለ ውጭ ነጋዴ ጥቅምና ጉዳት የሚደረገው ክርክር ግን ገና ዛሬ የተጀመረ አስመስሎ መናገር ስሕተት ነው። የመቶ ዓመት ልምድ አለን። ከዚያ ልምድ የምንማረው፣ እንግዳ ነጋዴ ለአገር የሚበጀው ከጎረቤቱ ጋር ሲዋለድ፣ ለአገሬው ልጅ ሚዛኑን ሲያስጨብጥና በሠፈሩ ስሙ ሲጠየቅ መሆኑን ነው። አገርም በበኩሉ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚያስጠጋ ሕግ ሊኖረው ይገባል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል፤ ደስ ይላል። ቡናውን ያወጣው መንገድ ስኳሩን ማስገባቱን፣ በመንገዱም ዳር ባለሱቅ ቆሞ መኖሩን የሚያሳይ አንድ ጥግ ግን በአገራችን የትም አላየሁም። ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በየከተማው፣ በጅማም በቦንጋም በአዲስ አበባም፣ በየቤቱ ሣጥን የቀሩ የዱቤ ደብተሮችን፣ የዕቃ ማዘዣዎችን፣ ሚዛኖችንና መስፈሪያዎችን እያሰባሰብን እናስመዝግብ። ዐረብኛውን የሚያነቡልን፣ ነገሩንም የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ነገ አይኖሩም። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለመመርመር የሠለጠነ ዓይንና ለማዳመጥ ትዕግሥት ያለው ሰው ይጠይቃል፤ ሁለቱም በዚህ አዳራሽ አሉ።

የደብተሩን ዕዳ ዛሬ መክፈል አይቻልም፤ ሰዎቹ ተበትነዋል፤ ብሩም ዋጋውን ለውጧል። ዕዳው እንደ ነበረ መጻፍ ግን ይቻላል። ያልተከፈለ ዕዳን ከመዝገብ መሰረዝ በሙያችን የሚያስነውር መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።